ሁለት ጊዜ የሰማ ተማሪ፤ የሰርጌይ ራህማኒኖፍ ሕይወት

ስመ ጥር የሆኑ የሙዚቃ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ በአብዛኛው የሚተረከው ስለ ደረሷቸው ድርሰቶችና ስለ ተጫወቷቸው ኮንሰርቶች ነው። በተማሪነታቸው ዘመን በአዳራሽ ወንበር ላይ ተቀምጠው ምን እንደ ሰሙ፣ የሰሙትስ ነገር በሥራቸው ላይ ምን ምልክት ጥሎ እንዳለፈ ግን እምብዛም አይወሳም። ይሁንና ማንኛውም ሙያ ሁለት ትምህርት ቤት አለው። አንደኛው በመምህር ፊት ተቀምጠው ደንቡን የሚቀስሙበት ሲሆን ሁለተኛው ሙያው በተዋጣለት ሰው እጅ ተሟልቶ ሲሠራ የሚመለከቱበት ነው። መሐንዲስ ስሌቱን በክፍል ውስጥ ይማራል፤ ድልድይ ምን እንደ ሆነ ጠንቅቆ የሚረዳው ግን ከቆመ ድልድይ ሥር ቆሞ ሲመለከት ነው።

ይህ እውነት በጉልህ ከሚታይባቸው ሰዎች አንዱ ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲና የፒያኖ ተጫዋች ሰርጌይ ቫሲሊየቪች ራህማኒኖፍ ነው። ገና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ በሞስኮ አዳራሾች የሰማው የፒያኖ ጨዋታ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ሃምሳ ሰባት ዓመት ያህል መለኪያው ሆኖ ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የፈረሰ ቤት

ራህማኒኖፍ የተወለደው በሰሜን ምዕራብ ሩሲያ በኖቭጎሮድ ክፍለ ሀገር ኤፕሪል 1 ቀን 1873 ነው። ወላጆቹ ከባላባት ወገን ነበሩ። አባቱ ቀድሞ የጦር መኮንን የነበረ፣ ፒያኖም የሚነካካ፣ በጨዋታው የሚወደድ ሰው ነበር፤ ሀብት መያዝ ግን አያውቅበትም ነበር። እናቱ ወደ ትዳሩ ስትገባ ከወላጆቿ ያገኘቻቸው አምስት ርስቶች በአባካኝነትና በዕዳ አንድ በአንድ ከእጅ ወጡ። ልጁ ያደገበት የመጨረሻው ርስት ኦኔግ በ1882 ሲሸጥ ቤተ ሰቡ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄዶ በከተማ ቤት መኖር ጀመረ። በዚያም መከራው አልቆመም። እኅቱ ሶፊያ በዲፍቴሪያ በሽታ ሞተች፤ ከዚያም አባትና እናት ተለያዩ።

የሙዚቃ ትምህርቱን አስቀድሞ ያስጀመረችው እናቱ ናት። ቀጥሎም አና ኦርናትስካያ የተባለች መምህርት በቤቱ አስተማረችው፤ በእርሷም አማካይነት በሴንት ፒተርስበርግ ኮንሰርቫቶሪ፣ ማለትም በከፍተኛው የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ገባ። ነገር ግን ልጁ ለትምህርቱ ግድ አልነበረውም። ቀኑን በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ሜዳ ያሳልፍና የወረደውን ማርኩን ፍቆ ለእናቱ ያሳይ ነበር። በዚያ ዘመን በልቡ የገባ ሙዚቃ ቢኖር አያቱ ይዛው በምትሄድባቸው አብያተ ክርስቲያናት የሰማው የመዘምራን ዜማና የኖቭጎሮድ ደወል ነው። የደወሉ ድምፅ ኋላ በጻፋቸው ድርሰቶች ውስጥ ደጋግሞ ይሰማል።

በ1885 የጸደይ ወራት የቀለም ትምህርት ፈተናዎቹን ወደቀ። በዚያው ዓመት ድምፀ መልካም የነበረችውና ከቻይኮቭስኪ ዘፈኖች ጋር ያስተዋወቀችው ታላቅ እኅቱ ኤሌና በሕመም ሞተች። እናቱ ግራ ቢገባት የአክስት ልጁን አሌክሳንደር ዚሎቲን አማከረች። ዚሎቲ በፍራንዝ ሊስት ዘንድ የተማረ ወጣት ፒያኖ ተጫዋች ነበር። የልጁን ጨዋታ ሰምቶ የሰጠው ምክር አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ልጁ ሞስኮ ሄዶ እርሱን ራሱን በልጅነቱ ላስተማረው ለኒኮላይ ዝቬሬቭ እንዲሰጥ ነው።

በዝቬሬቭ ቤት

ዝቬሬቭ በሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ የታናናሾቹ ክፍል መምህር ነበር። ተስፋ የጣለባቸውን ጥቂት ወንዶች ልጆች ክፍያ ሳይጠይቅ በቤቱ ያሳድጋል፤ ያለብሳል፤ ያስተምራል። ራህማኒኖፍ በ1885 የመኸር ወራት ሲደርስ ሊዮኒድ ማክሲሞቭና ማትቬይ ፕሬስማን የተባሉ ሁለት ልጆች በቤቱ ነበሩ። የቤቱ ሥርዓት ጥብቅ ነበር። ልምምድ የሚጀመረው ከጧቱ በ12 ሰዓት ሲሆን ልጆቹ በየተራ ከሁሉ ቀድመው ፒያኖው ፊት ይቀመጣሉ። በዋዜማው ሌሊት ከቴአትር ዘግይቶ መመለስ ከዚህ ተራ አያድንም ነበር።

የዝቬሬቭ ጥብቅነት ግን ልጆቹን በፒያኖ ወንበር ላይ አስሮ ለማኖር አልነበረም። መምህሩ ጣት ብቻውን ሙዚቀኛ እንደማያደርግ ያውቃል። ስለሆነም ሦስቱን ልጆች በሞስኮ ወደሚታየው መልካም ቴአትር፣ ኦፔራና ኮንሰርት ሁሉ ይወስዳቸው ነበር። እሑድ እሑድም ቤቱ ለእንግዶች ክፍት ነበር፤ ከእንግዶቹም መካከል ቻይኮቭስኪ፣ ታኔዬቭና አሬንስኪ ይገኙበታል። ልጆቹ በእነዚህ ታላላቅ ሰዎች ፊት ይጫወታሉ፤ ከዚያም ዝም ብለው ጨዋታቸውን ያዳምጣሉ። ዝቬሬቭ ልጆቹ እንዲሰሙ አጥብቆ የፈለገው ግን በዚያው ክረምት ወደ ሞስኮ የመጣውን አንቶን ሩቢንስታይንን ነው።

ሰባቱ ታሪካዊ ኮንሰርቶች

አንቶን ሩቢንስታይን በ1829 ተወልዶ በልጅነቱ በአውሮፓ ከተሞች እየዞረ የተጫወተ ሰው ነበር። በፓሪስ ሳለ ሊስትን ሰምቶ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አኳኋኑን ሳይቀር እስከ መከተል ደርሶ ነበር። በ1862 የሴንት ፒተርስበርግን ኮንሰርቫቶሪ በማቋቋም በሩሲያ ውስጥ ሙዚቃ በሥርዓት የሚማሩት ሙያ እንዲሆን መሠረት ጥሏል። በ1885 ዕድሜው ሃምሳ ስድስት ሊሞላ ሲቃረብ ከዚያ በፊት በዚህ ስፋት ያልተሞከረ ሥራ ጀመረ። ይኸውም የፒያኖ ሙዚቃን ታሪክ ከጥንቱ እስከ ዘመኑ በሰባት ኮንሰርቶች ብቻውን በቃሉ ተጫውቶ ማሳየት ነው። ይህንኑ በሴንት ፒተርስበርግ፣ በሞስኮ፣ በቪየና፣ በበርሊን፣ በላይፕሲሽ፣ በፓሪስና በለንደን አከናወነ።

የሰባቱ ኮንሰርቶች አቀማመጥ እንደ አንድ ሕንፃ ፕላን ነበር። የመጀመሪያው ምሽት ፒያኖ ራሱ ከመሠራቱ በፊት ለቀደሙት የቁልፍ መሣሪያዎች ከደረሱት እንግሊዛውያንና ፈረንሳውያን ተነሥቶ በባኽና በሄንድል በኩል እስከ ሃይድንና ሞዛርት ይደርሳል። ሁለተኛው ምሽት ለቤትሆቨን ብቻ የተሰጠ ሲሆን በአንድ መቀመጫ ስምንት ሶናታዎች ይቀርቡበታል። ሦስተኛው ለሹበርት፣ ለቬበርና ለሜንደልሶን፣ አራተኛው ለሹማን፣ አምስተኛው ክሌመንቲንና ሊስትን ለመሳሰሉ በፒያኖ አጨዋወት አዲስ መንገድ ላወጡ ሰዎች፣ ስድስተኛው ለሾፐን ተመደበ። ሰባተኛው ደግሞ በሾፐን የልምምድ ድርሰቶች ተጀምሮ በሩሲያ ደራስያን ሥራዎች ይፈጸማል።

በሞስኮ ኮንሰርቱ የሚደረገው ማክሰኞ ማታ በመኳንንቱ ማኅበር አዳራሽ ነበር። ሩቢንስታይን ግን በማታው ጨዋታ ብቻ አልበቃውም። በማግስቱ ጧት ያንኑ ፕሮግራም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጀርመኖች ክበብ አዳራሽ ለተማሪዎች ያለ ክፍያ ይደግመው ነበር። ስምንቱ የቤትሆቨን ሶናታዎች ማታ ገንዘብ ለከፈለው ሕዝብ ከተጫወቱ በኋላ ጧት ገንዘብ ለሌላቸው ልጆች እንደገና ተጫወቱ ማለት ነው። ለአንድ አረጋዊ ተጫዋች ይህ ምን ያህል ድካም እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

ዝቬሬቭ ልጆቹን ማታም ጧትም ወሰዳቸው። ስለዚህ ራህማኒኖፍ እያንዳንዱን ፕሮግራም በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሰማ። የዚህ ጥቅም ቀላል አይደለም። ሰው አንድን ታላቅ ሥራ መጀመሪያ ሲሰማ መደነቅ ይቀድመዋል፤ ድንቁ ራሱ አሠራሩን ይሸፍንበታል። በማግስቱ ያንኑ ሲሰማ ግን ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቃልና ተጫዋቹ እዚያ እንዴት እንደ ደረሰ ለመከታተል ጆሮው ነጻ ይሆናል። ከዚህም በላይ የማታውና የጧቱ ጨዋታ ፍጹም አንድ ዓይነት ሊሆን ስለማይችል ተማሪው በድርሰቱ ውስጥ የማይለወጠው ምን እንደ ሆነ፣ ለተጫዋቹ የተተወውስ ምን እንደ ሆነ ለይቶ ያያል። ይህን ልዩነት ከመጽሐፍ ማግኘት አይቻልም።

ልጁ የሰማው

ራህማኒኖፍ በኋለኛው ዘመኑ ስለነዚያ ኮንሰርቶች በተናገረባቸው ጊዜያት ሁሉ የሩቢንስታይንን የጣት ፍጥነት በመጀመሪያ ደረጃ አላስቀመጠም። የማረከው በጨዋታው ውስጥ የሚታየው የአእምሮና የመንፈስ ጥልቀት ነው። እያንዳንዱ ድርሰት የራሱ መልክ ይዞ ይወጣ ነበር፤ ባኽ እንደ ሾፐን፣ ሾፐንም እንደ ሹማን አይሰማም ነበር። በአንድ መሣሪያና በአንድ ሰው እጅ ይህን ያህል ልዩ ልዩ ቀለም ሊወጣ መቻሉ ለዐሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ አዲስ ዓለም ሆነበት።

የዚህ ቀለም አንዱ ምንጭ ፔዳሉ ነበር። የፒያኖ ክር በተሸፈነ የእንጨት መዶሻ ተመትቶ ይጮኻል፤ ጣት ከቁልፉ ሲነሣ ደግሞ ድምፅ አፋኙ ክሩ ላይ ተመልሶ ያቆመዋል። የቀኙ ፔዳል ሲረገጥ አፋኞቹ በሙሉ ከክሮቹ ላይ ይነሣሉ፤ በዚህ ጊዜ የተመታው ክር ብቻ ሳይሆን ያልተመቱትም አብረው ይርገበገባሉ። አረጋገጡን የማያውቅ ተጫዋች ድምፁን እንደ ጭቃ ያደበላልቀዋል፤ የሚያውቅ ግን ደረቁን የመዶሻ ምት ወደ ዘፈን ይለውጠዋል። ሩቢንስታይን ፔዳሉን የፒያኖ ነፍስ አድርጎ ይቆጥረው ነበር፤ ራህማኒኖፍም ይህን ትምህርት በሕይወቱ ሙሉ ደጋግሞ ጠቅሶታል።

ልጁ የታላቁን ሰው ጉድለትም ሰምቷል። ሩቢንስታይን የተሳሳተ ኖታ የሚመታበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። በአንድ ምሽት «ኢስላሜይ» የተባለውን እጅግ አስቸጋሪ የባላኪሬቭ ድርሰት ሲጫወት ሐሳቡ ተሰረቀና ቀጣዩ ጠፋበት። ጨዋታውን ግን አላቋረጠም። ለጥቂት ደቂቃዎች በዚያው በባላኪሬቭ ስልት ከራሱ እያፈለቀ ተጫወተና የጠፋው ክፍል ሲታወሰው ወደ ድርሰቱ ተመልሶ ጨረሰው። በራሱ ስለ ተናደደ ተከታዩን ድርሰት ያለ አንዳች ስሕተት በጥንቃቄ ተጫወተ፤ ለራህማኒኖፍ ጆሮ ግን ያ ጥንቁቅ ጨዋታ የቀድሞው ውበት አልነበረውም። በሌላ ጊዜ ደግሞ የአንድ የሾፐን ሶናታ የመጨረሻ ክፍል እንዳሰበው ያልሆነለት ይመስል እንደ ጨረሰ ወዲያው መልሶ ሙሉውን ደገመው።

ተማሪው ከዚህ የወሰደው ትምህርት ስሕተት አይጎዳም የሚል አይደለም። ራህማኒኖፍ ራሱ ኋላ በጥራቱና በጥንቃቄው የታወቀ ተጫዋች ሆኗል። የተረዳው ጥራት ብቻውን ግብ አለመሆኑን ነው። ጉድለት የሌለበት ነገር ግን ሐሳብ የጎደለው ጨዋታ ሰሚውን እንደማያረካ፣ ሐሳብ ያለው ጨዋታ ደግሞ ብዙ ጉድለት እንደሚሸፍን በገዛ ጆሮው አረጋገጠ። ከዚህም የተነሣ ሁለቱን ማስማማት፣ ማለትም ሐሳቡን ሳያጡ ጥራቱን መጠበቅ፣ የዕድሜ ልክ ሥራው ሆነ።

ከሰሚነት ወደ ደራሲነት

የእነዚያ ወራት ፍሬ ወዲያው መታየት ጀመረ። ማርክ ይፍቅ የነበረው ልጅ በዚያው በ1886 የቻይኮቭስኪን «ማንፍሬድ» ሲምፎኒ ከኦርኬስትራው ኖታ ለሁለት ተጫዋቾች ፒያኖ አዘጋጅቶ ከፕሬስማን ጋር በደራሲው ፊት አቀረበ። በ1888 ወደ ኮንሰርቫቶሪው ከፍተኛ ክፍል ሲያልፍ ፒያኖን ከዚሎቲ፣ የድርሰትን ሙያ ከታኔዬቭና ከአሬንስኪ ተማረ።

በ1889 ከዝቬሬቭ ጋር ተጣሉ። በአንድ ክፍል ሦስት ልጆች በተራ በሚለማመዱበት ቤት መድረስ አልተቻለውምና ራህማኒኖፍ ለብቻው የሚሠራበት ስፍራ ጠየቀ፤ መምህሩ ግን ቅር ተሰኘ፤ ተለያዩም። ልጁ ሳቲን በተባሉት በአክስቱ ቤተ ሰብ ዘንድ ተጠጋ። በ1891 የፒያኖ ትምህርቱን፣ በ1892 የድርሰት ትምህርቱን ፈጸመ። ለመመረቂያ የጻፈው «አሌኮ» የተባለው ኦፔራ ታላቁን የወርቅ ሜዳይ አሰጠው። በዚያ ቀን ዝቬሬቭ የገዛ ወርቅ ሰዓቱን አውጥቶ ሰጠው፤ ራህማኒኖፍም ያን ሰዓት እስኪሞት ድረስ ይዞት ኖረ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ኮንሰርት ሰማ፤ ይህኛው በሕይወቱ ከሁሉ የመረረው ነው። የመጀመሪያው ሲምፎኒው በማርች 1897 በሴንት ፒተርስበርግ በግላዙኖቭ መሪነት ቀረበ። ዝግጅቱ ያልበቃ፣ አመራሩም ድርሰቱን ያልተረዳ ነበር። ደራሲው ወደ ሰገነቱ በሚያወጣው ጠመዝማዛ ደረጃ ላይ ተሸሽጎ የገዛ ሥራውን ሲፈርስ ሰማ፤ መስማቱ ሲበዛበትም ጆሮውን ያዘ። ተቺዎችም አልማሩትም። ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት ያህል አንድም ታላቅ ድርሰት መጻፍ ተሳነው። በ1900 ኒኮላይ ዳል የተባለ ሐኪም በየቀኑ እያነጋገረ መንፈሱን አጠነከረለት። በ1901 የተፈጸመውን ሁለተኛውን የፒያኖ ኮንሰርቶ ለዚሁ ሐኪም በመታሰቢያነት አበረከተለት። ኮንሰርቶው ራቅ ካለ ደወል በሚመስሉ ድምፆች ይጀምራል።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት የበረከት ዓመታት ነበሩ። በ1902 የአክስቱን ልጅ ናታሊያ ሳቲናን አገባ። ከ1904 እስከ 1906 በሞስኮ የቦልሾይ ቴአትር ኦርኬስትራ መሪ ሆነ። በ1909 ሦስተኛውን ኮንሰርቶ ይዞ ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ጊዜው ስለ አጠረው በመርከብ ላይ ድምፅ በሌለው የልምምድ ቁልፍ ሰሌዳ ጣቶቹን እያለማመደ ባሕሩን ተሻገረ። ኮንሰርቶውን ያበረከተው ለጆሴፍ ሆፍማን ነው። ሆፍማን የሩቢንስታይን የግል ተማሪ የነበረ ተጫዋች በመሆኑ ስጦታው ለዚያ ለቀድሞው ምንጭ የተመለሰ ምስጋና ያህል ይቆጠራል።

በአርባ አራት ዓመት እንደገና ተማሪ

በ1917 የሩሲያ አብዮት ሲፈነዳ የራህማኒኖፍ ኑሮ ዳግመኛ ፈረሰ። በልጅነቱ የአባቱ ቤት እንደ ጠፋ አሁን ደግሞ የራሱ ጠፋ። በዲሴምበር 1917 ከባለቤቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር በፊንላንድ በኩል ወደ ስዊድን ወጣ፤ ወደ አገሩም አልተመለሰም። ዕድሜው አርባ አራት ነበር።

በዚህ ጊዜ ሊመልሰው የሚገባው ከባድ ጥያቄ ገጠመው። እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው በደራሲነቱና በኦርኬስትራ መሪነቱ ነበር፤ በፒያኖም በአደባባይ የሚጫወተው ከሞላ ጎደል የራሱን ድርሰት ነበር። ድርሰት ግን በባዕድ አገር ቤተ ሰብ አያኖርም። የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን እንዲመራ የቀረበለትን ጥሪ አልተቀበለም፤ ኦርኬስትራ መምራት የሚጠይቀውን ብዛት ያለው የሥራ ክምችት እንደሌለው ያውቅ ነበር። ስለሆነም የቀረው መንገድ የሌሎችን ድርሰት የሚጫወት ፒያኒስት መሆን ነው። ሌሎች በሃያ ዓመታቸው የሚያጠኑትን የቤትሆቨን፣ የሾፐን፣ የሹማንና የሊስት ሥራ ከአርባ ዓመት በኋላ ተቀምጦ ማጥናት ጀመረ። ኖቬምበር 10 ቀን 1918 ኒው ዮርክ ደረሰ፤ በማግስቱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተኩስ አቁም ስምምነት ተፈረመ። በዲሴምበር ወር በፕሮቪደንስ ከተማ የመጀመሪያውን የብቻ ኮንሰርት አቀረበ።

ያ ጥናት ከባዶ የተጀመረ አልነበረም። ሊያጠናቸው ከተቀመጠባቸው ድርሰቶች ብዙዎቹ ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት በሞስኮ ሁለት ሁለት ጊዜ የሰማቸው ናቸው። ጣቱ ባያውቃቸውም ጆሮው ያውቃቸዋል። በዝቬሬቭ እጅ ተይዞ የገባባቸው አዳራሾች ዋጋ የተቆጠረው በዚህ የጭንቅ ጊዜ ነው።

መለኪያው

በአጨዋወቱ ራህማኒኖፍ የሚከተለው አንድ ዋና መርሕ ነበር። እያንዳንዱ ድርሰት አንድ ከፍተኛ ነጥብ አለው፤ ይህ ነጥብ በድርሰቱ መጨረሻም ሆነ በመካከል፣ በታላቅ ድምፅም ሆነ በዝቅተኛ ድምፅ ሊሆን ይችላል። ተጫዋቹ ከመጀመሪያው ኖታ አንሥቶ የድምፁን መጠንና የጊዜውን ርዝመት ወደዚያ ነጥብ አስልቶ መምራት አለበት። ነጥቡ ካመለጠ ሥራው ሁሉ ይፈርሳል። ሕዝቡ ቆሞ እያጨበጨበ ሳለ እርሱ ነጥቡ አመለጠኝ ብሎ አዝኖ የተቀመጠበት ጊዜ እንደ ነበር ቅርበት የነበራቸው ሰዎች መስክረዋል። ሩቢንስታይን አንድን ክፍል ሙሉ በሙሉ የደገመበትን ምሽት ለሰማ ሰው ይህ ኀዘን እንግዳ አይደለም።

ወደ ነጥቡ የሚወስደው መንገድ ትዕግሥት ነበር። አብራም ቼሲንስ የተባለው አሜሪካዊ ፒያኖ ተጫዋች ሊጠይቀው ሄዶ ከበር ውጭ ሲያዳምጥ የሰማውን ድርሰት ለመለየት ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ድርሰቱ ፈጣን ከሆኑት የሾፐን የልምምድ ድርሰቶች አንዱ ነበር፤ ራህማኒኖፍ ግን እያንዳንዱን የኖታ ቤት ወደ ሃያ ሴኮንድ እያረዘመ ከቁልፍ ወደ ቁልፍ ይሸጋገር ነበር። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ከሚጠሩት ጥቂት ፒያኖ ተጫዋቾች አንዱ ነበር።

ሸክላ ማስቀረጽን ተቀብሎታል፤ ያልተሳካ ቅጂ እንዲጣልና እንደገና እንዲቀረጽም ይጠይቅ ነበር። ኮንሰርቱ በራዲዮ እንዲተላለፍ ግን አይፈቅድም ነበር። በዚያ ዘመን የነበረው ራዲዮ ድምፁን እንደሚያጎድለው ያምናል፤ ከዚህም ሌላ በቤቱ ወንበር ተመቻችቶ የሚያዳምጥ ሰው ለሙዚቃው ምንም እንደማይከፍል፣ ተጫዋቹም ሰሚውን ሳያይ በትክክል መጫወት እንደማይችል ይናገር ነበር። አዳራሹ ለእርሱ ድምፅ የሚሰማበት ስፍራ ብቻ አልነበረም፤ ሰሚና ተጫዋች አንዱ ከሌላው የሚቀበሉበት ነበር።

ከሸክላዎቹ መካከል በፌብሩዋሪ 1930 የተቀረጸው የሾፐን ሁለተኛ ሶናታ ልዩ ምስክር ነው። የሶናታው ሦስተኛ ክፍል የታወቀው የቀብር ማርሽ ነው። በራህማኒኖፍ ጨዋታ ማርሹ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰልፍ በዝግታ ይነሣና እየቀረበ ይገንናል። መካከለኛው ለስላሳ ዜማ ካለፈ በኋላ ግን ደራሲው እንደ ጻፈው በዝቅታ ሳይሆን በሙሉ ኃይል ይመለስና ሰልፉ እየራቀ እንደሚሄድ ሁሉ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ይህ አቀራረብ አንቶን ሩቢንስታይን የታወቀበት አቀራረብ ነው። ሩቢንስታይን በ1894 ሲሞት አንድም የጨዋታው ሸክላ ለትውልድ አልቀረም። ሆኖም የዚያ ማርሽ ቅርጽ በሞስኮ አዳራሽ በተቀመጠ ልጅ ጆሮ ውስጥ አርባ አራት ዓመት ከተጠበቀ በኋላ በሸክላ ላይ ወጣ።

የመጨረሻው ኮንሰርት

ስደቱ ዋጋ አስከፍሎታል። ከ1918 በኋላ በነበሩት ሃያ አምስት ዓመታት የጻፋቸው አዳዲስ ታላላቅ ሥራዎች ስድስት ብቻ ናቸው። ከእነዚህም በ1934 በስዊስ አገር በሉሴርን ሐይቅ ዳር በሠራው ቤት የጻፈው የፓጋኒኒ ራፕሶዲና በ1940 የፈጸመው «ሲምፎኒያዊ ጭፈራዎች» ይገኙባቸዋል። ለድርሰት የሚሆነው ጊዜ በየባቡሩና በየሆቴሉ አለቀ። አንዱን ሙያ ለሌላው መሠዋት ቀላል እንዳልሆነለት ግልጽ ነው፤ የመረጠውን ግን እስከ መጨረሻው በሙሉ ኃይሉ ሠራው።

በ1943 መጀመሪያ ላይ ካንሰር በሰውነቱ ውስጥ ተሰራጭቶ ሳለ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ለጉዞ ተነሣ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1943 በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት በኖክስቪል ከተማ ለመጨረሻ ጊዜ በሕዝብ ፊት ተቀመጠ። በፕሮግራሙ ውስጥ ያ የሾፐን ሶናታ ከነቀብር ማርሹ ነበረበት። ከዚያ በኋላ የቀሩት ኮንሰርቶች ተሰርዘው ወደ ካሊፎርኒያ ተወሰደ። ሰባኛ ዓመቱን ሊደፍን አራት ቀን ሲቀረው ማርች 28 ቀን 1943 በቤቨርሊ ሂልስ ዐረፈ፤ አስከሬኑም በኒው ዮርክ ግዛት በኬንሲኮ መካነ መቃብር ተቀበረ።

የራህማኒኖፍ ሕይወት ለሙያ ሰዎች የሚያቀርበው ቁም ነገር ሁለት ወገን አለው። በተማሪው ወገን ሲታይ፣ የተዋጣ ሥራን በዐይንና በጆሮ መቅሰም፣ ቢቻልም ደግሞ ማየት፣ ከክፍል ትምህርት የማይተናነስ ሀብት እንደ ሆነ ያሳያል፤ ሀብቱ በተቀበሉት ዕለት ሳይሆን ከብዙ ዓመት በኋላ በችግር ቀን ሊያስፈልግ ይችላል። በአንጋፋው ወገን ሲታይ ደግሞ ለወጣቶች በር መክፈት ትርፍ ጊዜ ሲገኝ የሚደረግ ምጽዋት አለመሆኑን ያመለክታል። ሩቢንስታይን ማታ ተጫውቶ ደክሞት ሳለ ጧት ያንኑ ሁሉ እንደገና የተጫወተው ምንም ለማይከፍሉ ተማሪዎች ነበር። ከእነርሱም መካከል በአንደኛው ወንበር ላይ ፈተና ወድቆ ከሌላ ከተማ የተላከ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር።